አንድ ጽሕፈት፣ ሁለት ትርጉም፦ የስፓኒሽ ግሦች እንዴት እንዳሳሳቱኝ

ማድሪድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የማስታምማቸው አሮጊት፣ እዚህ እንደተለመደው «ሴኞራ» ነው የምላቸው፣ ቫሌንሲያ የምትኖር ልጅ አለቻቸው። ሐምሌ ላይ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ለእረፍት ወደ ሰሜን ሄዳ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት በዋትሳፕ እንዲህ የሚል መልእክት ላከችልኝ፦ «ዬጋሞስ ኤል ዶሚንጎ ፖር ላ ታርዴ።»

«እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረስን» ብዬ ተረዳሁት። በዚያ ሰሞን ክፍል ውስጥ ያለፈ ጊዜ እየተማርን ስለነበር መጨረሻው «አሞስ» የሚል ግሥ ሁሉ ያለፈ ጊዜ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ቤታቸው በሰላም ገብተዋል አልኩና «እሰይ፣ በደንብ እረፉ» ብዬ መለስኩላት። እሷም አውራ ጣት ብቻ ላከችልኝ፣ በዚያው ተለያየን።

እሑድ የእረፍት ቀኔ ነው። ጓደኛዬ ቤት ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። አራት ሰው ከነሻንጣው ሴኞራ ቤት ገብቷል፣ አልጋ አልተነጠፈም፣ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ሾርባ ብቻ ነው ያለው። በእኔ ምትክ እሑድ እሑድ የምትመጣዋ ልጅ ስለ እንግዳ የሰማችው ነገር የለም። «መልእክቴን አላየሽውም እንዴ?» አለችኝ የሴኞራ ልጅ። «አይቻለሁ» አልኩ። እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ ግን አይታ ችላ አለችኝ ብላ ነው የወሰደችው። ሴኞራ ራሳቸው መሀል ገብተው እስኪያረጋጉን ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል በቅዝቃዜ ነበር የምታናግረኝ።

«ዬጋሞስ» «ደረስን»ም ነው፣ «እንደርሳለን»ም ነው። ፊደሉ አንድ ነው፣ ድምፁም አንድ ነው። «ኤል ዶሚንጎ» የሚለውም ብቻውን ያለፈውን እሑድም የሚመጣውንም ሊሆን ይችላል። የቋንቋው ተወላጅ ግን አንድም ጊዜ አያመነታም። ያ ነገር ከነከነኝ። እነሱ የሚያዩት እኔ የማላየው ምንድን ነው? ይህን የምጽፈው የዚያን ጥያቄ መልስ ለማግኘት የፈጀብኝ ጊዜ እናንተ ላይ እንዳይደገም ነው። ስፓኒሽ እየተማራችሁ ከሆነ፣ በተለይ እንደ እኔ ሥራ ላይ ሆናችሁ በጆሮና በዋትሳፕ የምትማሩ ከሆነ፣ እነዚህ ግሦች መንገዳችሁ ላይ መቆማቸው አይቀርም።

ከዚሁ ከ«እኛ» ልጀምር። የስፓኒሽ ግሦች ሦስት ቤተሰብ ናቸው፦ በ«አር»፣ በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁ። «አር» እና «ኢር» የሚባሉት መደበኛ ግሦች ላይ «እኛ» ስንል የአሁኑና ያለፈው ጊዜ አንድ ነው። «አብላሞስ» እንናገራለን፣ ተናገርን። «ትራባኻሞስ» እንሠራለን፣ ሠራን። «ቢቢሞስ» እንኖራለን፣ ኖርን። «ሳሊሞስ» እንወጣለን፣ ወጣን። «ኤር» ላይ ግን ይለያል፦ «ኮሜሞስ» እንበላለን፣ «ኮሚሞስ» በላን። ከመደበኛው የሚያፈነግጡትም አብዛኞቹ ራሳቸውን ችለው ይለያሉ፦ «ኤስታሞስ» ነን፣ «ኤስቱቢሞስ» ነበርን፤ «ዴሲሞስ» እንላለን፣ «ዲኺሞስ» አልን። ስለዚህ የሚያሳስቱት ቀላል የምንላቸው፣ መጀመሪያ ሳምንት ላይ የሚያስተምሩን ግሦች ናቸው። ከባዶቹ እንዲያውም ግልጽ ናቸው።

ማድሪድ ውስጥ ደግሞ አንድ ትልቅ ፍንጭ አለ፣ እኔ ዘግይቼ ነው የነቃሁበት። እዚህ ሰዎች ዛሬ የሆነን ነገር ሲያወሩ «አብላሞስ» አይሉም፣ «ኤሞስ አብላዶ» ነው የሚሉት። «ዛሬ ጠዋት ተነጋግረናል» እንደምንለው ማለት ነው። «አብላሞስ»ን ላለፈ ጊዜ የሚያወጡት ለትናንት፣ ላለፈው ሳምንት፣ ለአምና ነው፤ ያኔም ብዙውን ጊዜ «አዬር» (ትናንት) የሚል ወይም ሌላ የጊዜ ቃል አብሮት አለ። ምንም የጊዜ ቃል ሳይኖር ስልክ ሲዘጉ «ቡዌኖ፣ አብላሞስ» ካሉ «በሉ እንነጋገራለን» ማለታቸው ነው። እኔ ለወራት «እሺ፣ ተነጋገርን» እያሉ የሚዘጉብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ትንሽም ቅር ይለኝ ነበር።

የልጅቷንም መልእክት በዚህ ዓይን መለስ ብዬ ሳየው ግልጽ ነው። ሰው በሐሙስ ቀን ያለፈውን እሑድ ለመናገር ቢፈልግ «ኤል ዶሚንጎ ፓሳዶ» (ያለፈው እሑድ) ብሎ የመጻፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ደግሞስ ከሰዓት በኋላ መድረሷን ለእኔ የምትነግረኝ ለምንድን ነው? ሰዓቱን የምትነግረኝ እንድዘጋጅ ነው። እኔ አንዷን ቃል ብቻ አፍጥጬ አየሁና ዙሪያዋን ሳላይ ቀረሁ።

ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር፤ አማርኛ ላይ በየቀኑ የምናደርገው ነገር ነው። «አለ» ብዬ ብጽፍላችሁ «ተናገረ» ማለቴ ነው ወይስ «ይገኛል»? ስናነበው አንደኛው ይላላል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነው። «ይሰማል» እሱ ነው የሚሰማው ወይስ ድምፁ ነው የሚሰማው? «ይመታል» መቺው ነው ተመቺው? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም? ጥብቀት ስለማይጻፍ አንባቢው ከዙሪያው ይፈርዳል። ይሄ እንኳ ድምፁ ይለያል ካላችሁ፣ «ብትመጣ ደስ ይለኛል» የሚለውን ውሰዱ። አንተን ነው ወይስ እሷን? ድምፁም ፊደሉም አንድ ነው፣ ማንም ግን ተቸግሮ አያውቅም። አንድ ቀን ይህንን ለመምህራችን ሳስረዳቸው በጣም ተገርመው «እንግዲያው ይህን ነገር ካንቺ በላይ የለመደ ተማሪ ክፍል ውስጥ የለኝም» አሉኝ። ያን ቀን ነው ፍርሃቱ የለቀቀኝ።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው ልውሰዳችሁ፤ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እዚያ የሆነው ነው።

ሴኞራን ለወርሃዊ ክትትል ወስጃቸዋለሁ። ሚዛኑ ጥግ ላይ ነው፣ ወንበሩ በሩ አጠገብ። ሴኞራ ደክሟቸው ወደ ወንበሩ ሲያመሩ ነርሷ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ኖ ሴ ሲየንቴ፣ ሴኞራ» አለች። እኔ «ኖ ሴ ሲየንቴ ቢየን» የሚለውን አውቀዋለሁ፤ «አይሻላትም፣ ደህንነት አይሰማትም» ማለት ነው። ነርሷ «ሴትዮዋ ደህና አይደሉም መሰለኝ» ያለች መሰለኝና በልበ ሙሉነት «ሲ፣ ሲ፣ ሴ ሲየንቴ ቢየን» አልኩ፤ «የለም፣ ደህና ናቸው» ማለቴ ነው። ይህን እያልኩ ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ። «አትቀመጡ ነው ያልኩት፣ መጀመሪያ ልመዝናቸው ነው።» ሴኞራን እንደገና ማስነሳት ነበረብን፣ ጉልበታቸውን ለሚያውቅ ሰው ቀላል አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሴንቲር» ማለት መሰማት (ሕመም፣ ብርድ፣ ደስታ) ነው፤ «ሴንታር» ማለት ማስቀመጥ፣ ወንበር ላይ ማሳረፍ ነው። ሁለቱ ግሦች ሲረቡ መሀላቸው «ሲየ» ይሆንና ይገጣጠማሉ። «ሲየንቶ» «ይሰማኛል»ም «አስቀምጣለሁ»ም ነው። ይቅርታ ስንጠይቅ የምንለው «ሎ ሲየንቶ» ከመሰማት የመጣ ነው፤ እኔ በየቀኑ የምለው «ላ ሲየንቶ ኤን ላ ሲያ» ደግሞ «ወንበሩ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ» ነው። «ሴ ሲየንቴ» «ይሰማታል» ሲሆን፣ በአክብሮት «አትቀመጡ» ለማለት «ኖ ሴ ሲየንቴ» ይባላል። ስፓኒሽ በአክብሮት ሲያዝዝና ሲከለክል ግሡን ይለውጠዋል፦ የ«አር» ግሥ መጨረሻ ላይ «ኤ» ያመጣል፣ የ«ኤር»ና የ«ኢር» ደግሞ «አ»። ሰዋስው መጻሕፍት ይህን «ሱብኹንቲቦ» ይሉታል። መደናገሩ የሚመጣው እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው፦ የአንዱ ግሥ ትእዛዝ የሌላው ግሥ ተራ አነጋገር ሆኖ ቁጭ ይላል።

ለታማሚ አስታማሚዎች የምለው ይሄ ነው። «ሲየንቴ»ን ስትሰሙ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠብቁ። «ቢየን»፣ «ማል»፣ «ሶላ» (ደህና፣ መጥፎ፣ ብቸኛ) ከመጣ ስለ ስሜት ነው። «አኪ»፣ «ቶዳቢያ»፣ «ኤን ላ ሲያ» (እዚህ፣ ገና፣ ወንበሩ ላይ) ከመጣ ስለ መቀመጥ ነው። ምንም ካልመጣ ደግሞ የሚናገረው ሰው ለማን እንደሚናገር ተመልከቱ። ነርሷ «ሴኞራ» ብላ ራሳቸውን ጠርታ ነበር እኮ! ስለ እሳቸው ለእኔ እየነገረችኝ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ብላ አትጠራቸውም ነበር። «አትቀመጡ» ብሎ የሚያዝ ሰው የሚያዘውን ሰው ይጠራል።

ቀጥሎ የሁሉም ተማሪ ራስ ምታት፦ «ፉይ» እና «ፉዌ»። «ሴር» (መሆን) እና «ኢር» (መሄድ) ያለፈ ጊዜያቸው ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። «ፉይ» ነበርኩ፣ ሄድኩ። «ፉዌ» ነበረ፣ ሄደ። «ፉይሞስ» ነበርን፣ ሄድን። አንድም ፊደል ልዩነት የለም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከሴኞራ ባል ነው፣ እሳቸውን ግን አላየኋቸውም፤ ካረፉ ቆይተዋል። ሴኞራ ከሰዓት በኋላ ቡናቸውን ይዘው ስለ እሳቸው ማውራት ይወዳሉ። «ሚ ማሪዶ ፉዌ ፌሮቢያሪዮ» ይሉኛል፤ ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ትንፋሽ ሳይወስዱ ይቀጥሉና «ፉዌ አ አሌማኒያ ኤን 1962» ይላሉ፤ በ1962 ጀርመን ሄደ። ስፔንና ምዕራብ ጀርመን በ1960 የሠራተኛ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ብዙ ስፔናውያን ለፋብሪካ ሥራ ሄደዋል፤ የሴኞራ ባልም አንዱ ነበሩ። ስደት የማውቀው የእኛ ጉዳይ ሆኖ ስለነበር መጀመሪያ ስሰማው ደንግጫለሁ። ለማንኛውም በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ያሉት ሁለት «ፉዌ»ዎች ናቸው መምህሮቼ። የመጀመሪያው ቀጥሎት ሙያ መጣ፣ ስለዚህ «ነበር» ነው። ሁለተኛው ቀጥሎት «አ» መጣ፣ ወደ አንድ ቦታ ያመለክታል፣ ስለዚህ «ሄደ» ነው። «ፉይ ፌሊስ» ደስተኛ ነበርኩ፤ «ፉይ አል ሜርካዶ» ገበያ ሄድኩ። ይህች «አ» አብዛኛውን ጊዜ አታሳፍራችሁም። የሚያስቸግረው ምንም ሳይከተለው የሚመጣው ነው። «ኪየን ፉዌ?» ማን ነበር ያደረገው? ወይስ ማን ነው የሄደው? እዚህ ላይ ወሬው ስለምን እንደነበር ብቻ ነው የሚያድናችሁ፤ ካላወቃችሁ መጠየቅ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም። «ኢር» የሚባለው ግሥ ከሦስት የላቲን ግሦች የተሰፋ ነው። «ቦይ» (እሄዳለሁ) ከአንዱ መጣ፣ «ኢባ» (ይሄድ ነበር) ከሌላው፣ «ፉይ» ደግሞ «መሆን» ከሚለው ግሥ ተወሰደ። እኛም «መጣ»ን ለትእዛዝ ስንፈልገው «ምጣ» አንልም፣ ከሌላ ሥር «ና» እንላለን፤ ማንም ለምን አይልም። የትርጉሙ መንገድም ሩቅ አይደለም። «ትናንት የት ጠፋህ?» ሲሉን «መርካቶ ነበርኩ» እንላለን፤ ሄድኩ ማለታችንም ነው። አንድ ቦታ የነበረ ሰው ሄዷል ማለት ነው። ይህንን ካሰብኩ በኋላ «ፉይ» ጠላቴ መሆኑ አበቃ።

ሴኞራ የባላቸውን ደብዳቤዎች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። አንድ ቀን መነጽራቸው ተሰብሮ እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ሰማያዊ ቀለም፣ ወደ ቀኝ የተኛ የእጅ ጽሑፍ። እዚያ ውስጥ «ፉዌ» በተጻፈ ቁጥር ከመጨረሻው ፊደል አናት ላይ ጭረት አለች። «ዲዮ» (ሰጠ) ላይም፣ «ቢዮ» (አየ) ላይም እንደዚያው። በወቅቱ ተማሪ ነኝና ተደሰትኩ፤ ጭረት ያለበት «ሄደ»፣ የሌለበት «ነበረ» መሆን አለበት ብዬ ምስጢሩን ያገኘሁ መሰለኝ። አልነበረም። ሁሉም ላይ ጭረት አለ፣ በሁለቱም ትርጉም። መምህራችንን ስጠይቃቸው ድሮ እንደዚያ ይጻፍ እንደነበረ፣ የስፔን ቋንቋ አካዳሚ ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ እነዚህን አጫጭር ቃላት ያለ ጭረት እንዲጻፉ መወሰኑን ነገሩኝ። አዲሱ ሕግ ግዴታ የሆነው በ1959 ነው፤ ባልየው ትምህርት ቤት የገቡት ከዚያ በፊት ስለሆነ እጃቸው የለመደውን ጻፉ። ስለዚህ አሮጌ ጽሑፍ ላይ ጭረት ብታዩ አትደናገሩ፣ ፈተና ላይ ግን አትጻፉት፣ ነጥብ ያስቆርጣል።

ያች ጭረት፣ «ቲልዴ» ነው የሚሏት፣ በሌሎች ግሦች ላይ ግን ሕይወት ናት። እኔ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ጥያት ነው የኖርኩት። ደብተሬን በሁለት ከፍዬ በግራ ስፓኒሹን በራሳችን ፊደል፣ በቀኝ አማርኛውን እጽፍ ነበር። ለንባብ ደስ ይላል፣ ፈጣንም ነው። አንድ ቀን ለፈተና ስከልስ ግን ገጽ 14 ላይ «አብሎ፦ እናገራለሁ»፣ ገጽ 31 ላይ «አብሎ፦ ተናገረ» የሚል አገኘሁ። ልዩነቱ ድምፁ የሚበረታበት ቦታ ነው። መጀመሪያው ላይ ሲበረታ እኔ ነኝ የምናገረው፣ መጨረሻው ላይ ሲበረታ እሱ ነው የተናገረው። በላቲኑ አጻጻፍ ያለፈው ጊዜ መጨረሻ ላይ ቲልዴ ይደረግበታል። ፊደላችን ጥብቀትን እንደማያሳይ ሁሉ ይህንንም አያሳይም። «ቶሜ» መጀመሪያው ላይ ሲበረታ «ይውሰዱ» ነው፣ መጨረሻው ላይ ሲበረታ «ወሰድኩ»። «ያሞ» እደውላለሁ፤ «ያሞ» ደወለ። አስታማሚ ለሆነ ሰው በ«ይውሰዱ» እና በ«ወሰድኩ» መካከል ያለው ልዩነት ኪኒን ነው።

ደብተሩን አልጣልኩትም። በቀይ እስክሪብቶ ድምፁ የሚበረታበትን ፊደል ከሥሩ አሰመርኩበት፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ ግሥ ሁሉ በላቲን ፊደል ከነቲልዴው ነው የምጽፈው። በፊደላችን መጻፍ ለመጀመሪያ ሁለት ወር ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ግን እንደ እኔ ትጎዳላችሁ።

አስቸጋሪው ነገር ስፔናውያን ራሳቸው ስልክ ላይ ቲልዴውን ይተዉታል። ልጅቷ «ያሞ አል ሜዲኮ?» ብላ ብትጽፍልኝ «ሐኪሙ ጋ ልደውል?» ነው ወይስ «እማዬ ሐኪሙ ጋ ደውላለች?» ቲልዴ ከሌለ ሁለቱም ይሆናል። እንደዚህ ሲመጣ «አዎ» ወይም «አይ» ብላችሁ ብቻ አትመልሱ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «እሳቸው አልደወሉም፣ አንቺ ደውዪ።» የተሳሳተ ግንዛቤ ካለም እዚያው ይወጣል። ይህን ልማድ ካደረግሁ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተጋጨንም።

ሌላው መዳኛ ትንንሾቹ ተውላጠ ስሞች ናቸው። «ዲ» የሚለውን ውሰዱ። ከ«ዳር» (መስጠት) ሲመጣ «ሰጠሁ» ነው፤ ከ«ዴሲር» (መናገር) ሲመጣ «ተናገር!» ነው። ስፓኒሽ ውስጥ ሰውን ሲያዝዙ ተውላጠ ስሙ ከግሡ ኋላ ይጣበቃል፣ ሲተርኩ ግን ከፊት ይቀድማል። ስለዚህ «ሌ ዲ» ሰጠኋቸው፣ «ዲሌ» ንገሪያቸው። «ሌ ዲ ላ ፓስቲያ» ኪኒኑን ሰጠኋቸው። ይህችን አንድ ሕግ በደንብ ከያዛችሁ ግማሹ ችግር ይቀላል፤ ለክልከላ ግን አትሠራም፣ ስትከለክሉ ተውላጠ ስሙ ተመልሶ ከፊት ይመጣል። የጤና ጣቢያውን «ኖ ሴ ሲየንቴ» አስታውሱ።

«ቤ» ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ሂድ!»ም ነው፣ «ያያል»ም ነው። «ቀጥሎት አ ከመጣ መሄድ ነው» የሚለው የፉዌ ሕግ እዚህ ላይ ይከዳችኋል። ምክንያቱም ስፓኒሽ የሚታየው ነገር ሰው ሲሆን በመካከል «አ» ያስገባል። «ቤ አ ላ ቤሲና» «ጎረቤቷ ጋ ሂጂ» ሊሆን ይችላል፣ «ጎረቤቷን ያያል»ም ሊሆን ይችላል። በጆሮ ስትሰሙ የትእዛዝ ድምፅ ይለያል፤ በጽሑፍ ግን ዙሪያውን ካላያችሁ አይለይም። «ቤን»ም እንዲሁ ነው፦ «ና!» እና «ያያሉ»። «ቢስቴ» ደግሞ «አየህ» ወይም «ይለብሳል»። እነዚህን ግን በሥራ ላይ እምብዛም አልተሳሳትኩባቸውም፤ ማንም «ቤን!» ብሎ ሲጠራችሁ እጁ አብሮ ይጠራችኋል።

«ክሬኦ» እና «ሴ» ቶሎ የሚለቁ ናቸው። «ክሬኦ» አምናለሁም ነው፣ እፈጥራለሁም፤ ግን «ክሬኦ ኬ» እና «ክሬኦ ኤን» ካላችሁ ብዙውን ጊዜ ማመን ነው፤ እግዚአብሔር ዓለምን ፈጠረ ሲባል ደግሞ ድምፁ መጨረሻው ላይ ይበረታል፣ ቲልዴም አለው። «ሴ» ከነቲልዴው አውቃለሁም ነው፣ «ሁን!»ም ነው፤ «ኖ ሴ» ሲሉ ግን አላውቅም ማለት ነው፤ «አትሁን» ለማለት «ኖ ሴያስ» ነው የሚሉት።

ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉም የሚከብደው ግን ይሄ ይመስለኛል፦ «እኔ» እና «እሷ» የሚገጣጠሙበት ቦታ። «ትራባኻባ» እሠራ ነበር፣ ይሠራ ነበር፣ ትሠራ ነበር፣ በአክብሮትም ይሠሩ ነበር። «ቴኒያ» ነበረኝ፣ ነበረው፣ ነበራት። እኛ ግሡ ውስጥ ባለቤቱን ጨምረን ስለምንናገር «እኔ» ማለት አያስፈልገንም። መምህሮቹም «ስፓኒሽ እንደ አማርኛችሁ ነው፣ ተውላጠ ስሙን ተዉት» ይሉናል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ። ስለ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ስታወሩ ግን አትተዉት። ስለ ራሴና ስለ ሴኞራ ለሐኪም ስነግረው «ዮ ዶርሚያ፣ ኤያ ኖ ዶርሚያ» እላለሁ፤ እኔ እተኛ ነበር፣ እሳቸው አይተኙም ነበር። «ዮ» እና «ኤያ»ን ካወጣኋቸው ማን እንዳልተኛ አይታወቅም፣ ሐኪሙም ለተሳሳተ ሰው ነው የእንቅልፍ መድኃኒት የሚያስበው።

አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ዋሽንግተን አካባቢ ሆቴልና ኩሽና ውስጥ ከኤል ሳልቫዶር ሰዎች ጋር የምትሠሩ፣ የምትሰሙት ትንሽ ይለያል። እነሱ «ቱ»ን (አንተ፣ አንቺ) ትተው «ቦስ» ይላሉ። «ና» ለማለት «ቤን» ሳይሆን «ቤኒ» ይላሉ፣ «ተናገር» ለማለት «ዲ» ሳይሆን «ዴሲ»፣ «ሂድ» ለማለት «ቤ» ሳይሆን «አንዳ»፣ ሁሉም መጨረሻው ላይ ይበረታል። ከላይ ከዘረዘርኳቸው መደናገሪያዎች ሦስቱ እነሱ ዘንድ የሉም ማለት ነው። ስለዚህ ከነሱ የሰማችሁትን ስሕተት ነው ብላችሁ አታርሙ፣ የመማሪያ መጽሐፋችሁ የስፔን ሆኖ ነው።

ፈተናን በተመለከተ፣ እዚህ ስፔን ዜግነት ለመጠየቅ ኢንስቲቱቶ ሰርባንቴስ የተባለው የስፔን የቋንቋ ተቋም የሚያዘጋጀውን የዴሌ ኤ2 የስፓኒሽ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ስፓኒሽ የአፍ መፍቻቸው ከሆነ አገሮች የመጡት ከዚህ ነፃ ናቸው፣ እኛ አይደለንም። ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር አለው። የማንበቡ ክፍል አጫጭር መልእክቶችና ማስታወቂያዎች ይበዙበታል፤ የእኔ «ዬጋሞስ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር የሚያጋጥመው እዚያ ነው። እኔ ስለማመድ የማደርገው እንዲህ ነው። የሚያጠራጥር ግሥ ሳገኝ መጀመሪያ ግሡን በጣቴ እሸፍነዋለሁ። የቀረውን አነባለሁ፣ የጊዜ ቃል አለ ወይ፣ ማን ለማን ነው የሚጽፈው፣ ለምን ብሎ ይጽፋል እላለሁ። ከዚያ ጣቴን አነሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጣቴን ሳላነሳ ትርጉሙን አውቄዋለሁ። መጻፍ ላይ ደግሞ ጊዜው እንዳያደናግር ሁልጊዜ «አዬር»፣ «ማኛና»፣ «ኤል ሉኔስ ፓሳዶ» (ትናንት፣ ነገ፣ ያለፈው ሰኞ) ከሚሉት አንዱን እጨምራለሁ፤ አራሚው ግሡን አውቄ እንደጻፍኩት ያያል።

ከደብዳቤዎቹ አንዷ አሁንም ጭንቅላቴ ውስጥ አለች። ባልየው ስለ አንድ እሑድ ሲጽፉ «ኤል ዶሚንጎ ፉይሞስ ትሬስ» ይላሉ። እሑድ ዕለት ሦስት ነበርን? ወይስ ሦስት ሆነን ሄድን? ከፊቱም ከኋላውም ያለውን አነበብኩ፣ ስለ ዝናብና ስለ ድንች ነው የሚያወራው፣ አልረዳኝም። ሴኞራን ጠየቅኋቸው። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩና «ሁለቱም ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። «ሦስት ነበሩ፣ ሦስቱም ሄዱ።» ከዚያ ደብዳቤውን በታጠፈበት መልሰው አጠፉትና ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱት።